ጨውን የቻለ ቅጠል፣ የባሕሩን ሽሽት ግን ያልቻለ፦ የካርፔንታሪያ ማንግሮቭ ድርቀት የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2015 መገባደጃና በ2016 መጀመሪያ ላይ በሰሜን አውስትራሊያ የካርፔንታሪያን ባሕረ ሰላጤ የሚከበው የማንግሮቭ ደን፣ ማለትም የባሕር ሙላት በሚያጥበው ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል የዛፍ ደን፣ በሰፊው ቅጠሉን አራግፎ ደረቀ። ድርቀቱ በሰሜናዊ ግዛት ካለው የሮፐር ወንዝ አፍ አንስቶ በኩዊንስላንድ እስከምትገኘው ካሩምባ ድረስ፣ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ጠረፍ ላይ በተመሳሳይ ወቅት ታየ። በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን ዱክ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት የሞተውን ደን 7,400 ሄክታር ያህል አድርጎ የገመተው ሲሆን፣ ይህም በሰላጤው ከሚገኘው ማንግሮቭ 6 በመቶ ገደማ ነው። ዛፎቹን የቆረጠ ሰው አልነበረም፤ በባሕሩ ላይ ዘይት አልፈሰሰም፤ ጥፋቱን ሊያስከትል የሚችል ከባድ አውሎ ነፋስም በዚያ ወቅት አልተመዘገበም።

ከጥፋቱ ስፋት ባልተናነሰ የሚያስገርመው የሞተው ዛፍ ዓይነት ነው። ከሞቱት ዛፎች እጅግ የሚበዙት አቪሴኒያ ማሪና የተባለው ዝርያ ነበሩ። ይህ ዝርያ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ኒውዚላንድ የሚበቅል፣ ከማንግሮቭ ዝርያዎች ሁሉ በሰፊው ከተሰራጩት አንዱና ለከፍተኛ ጨዋማነት ባለው ቻይነት የታወቀ ነው። ቅጠሉም የባሕር ዳርቻ ዕፅዋት ከጨው፣ ከነፋስና ከጠራራ ፀሐይ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ለማስረዳት ደጋግሞ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ ቅጠል የተሸከመ ዛፍ ለምን ከሌሎቹ ይልቅ ተጎዳ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የቅጠሉን አሠራር በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእኔ አመለካከት የዛፉ ብርታትም የሞቱም ምክንያት በአንድ የውሃ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል።

ሥሩ በባሕር፣ ጥማቱ በቅጠል

አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። የሟሟ ጨው ውሃን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ከባሕር ውሃ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ነጥሎ መውሰድ የሚፈልግ ሥር 25 አትሞስፌር ገደማ የሚሆን ኃይል ማሸነፍ ይኖርበታል። በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግፊት ከ2 እስከ 3 አትሞስፌር መሆኑን ያሰበ አንባቢ የሥራውን ክብደት በቀላሉ ይገምተዋል።

ይህ ኃይል የሚመነጨው ከቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት እርጥብ ግድግዳ ላይ ውሃ በተነነ ቁጥር፣ ውሃን ከሥር ወደ ቅጠል በሚያደርሱት የዛይለም ቱቦዎች ውስጥ ያለው ያልተቋረጠ የውሃ ዓምድ ወደ ላይ ይሳባል፤ ውጥረቱም በግንዱ በኩል እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ፐር ሾላንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በግፊት ክፍል ውስጥ በማስገባት ይህን ውጥረት ለመለካት ችለዋል። በማንግሮቭ ቅርንጫፎች ያገኙት ውጥረት ከ30 እስከ 60 አትሞስፌር ያህል ሲሆን፣ ሁልጊዜም ከባሕር ውሃው 25 አትሞስፌር በላይ ነበር። ማንግሮቭ በባሕር ውስጥ የሚቆመው በዚህ ብልጫ ነው፤ ብልጫው ከጠፋ ሥሩ በውሃ ተከቦ እያለ ውሃ ማግኘት ያቆማል።

ሥሩም የበኩሉን ያደርጋል። የአቪሴኒያ ሥር ውሃውን ሲያስገባ የጨውን ትልቁን ክፍል ውጭ ያስቀራል፤ በተለያዩ ሁኔታዎች የተደረጉ ልኬቶች ከ80 እስከ 97 በመቶ የሚሆነው ጨው እንደሚታገድ ያሳያሉ። የታገደው ጨው ግን ከዓለም አይጠፋም። በሥሩ ዙሪያ ባለው ጭቃ ውስጥ ይከማቻል፤ መጥቶ የሚያጥበው የባሕር ሙላት ወይም ዝናብ ከሌለ ደግሞ በየቀኑ እየበዛ ይሄዳል። ይህን ነጥብ አንባቢው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ መቋጠሪያ እዚህ ላይ ነውና።

ቅጠሉ ከላይ እስከ ታች

የአቪሴኒያን ቅጠል አግድም ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ወፍራምና ሰማማ የላይ ሽፋን ነው። ኪውቲክል የሚባለው ይህ ሽፋን ውሃ በቆዳው በኩል በቀላሉ እንዳይተን ይከለክላል፤ ቅጠሉ ከላይ ሲታይ የሚያብለጨልጨውም በእርሱ ምክንያት ነው። በላይኛው ገጽ ላይ ስቶማታ፣ ማለትም ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሉም። ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ የሚያገኙት ይህ ገጽ በመሆኑ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በታችኛው ገጽ ላይ መሆናቸው የውሃን ብክነት በእጅጉ ይቀንሳል።

ከቆዳው ሥር ሃይፖደርሚስ የተባለ፣ በርከት ባሉ ንብርብሮች የተደረደሩ ትልልቅና ቀለም አልባ ሕዋሳት ያሉበት ሕብረ ሕዋስ ይገኛል። እነዚህ ሕዋሳት አረንጓዴ ስላልሆኑ ምግብ አያዘጋጁም። ከቅጠሉ ውፍረት ብዙ ቦታ ይዘው መቀመጣቸው ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ተግባራቸው ግን ውሃ ማጠራቀም ነው። በአውስትራሊያ የተለያዩ ጠረፎች ላይ የሚበቅለውን አቪሴኒያ ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ጨዋማነቱና ድርቀቱ በጨመረ ቁጥር ቅጠሉ የሚያጠራቅመው ውሃም እንደሚጨምር አሳይቷል። አንድ ዝርያ ሆኖ ሳለ ዝናብ በሚበዛበት ጠረፍ የሚያወጣው ቅጠልና በደረቅ ጠረፍ የሚያወጣው ቅጠል አንድ ዓይነት አይደሉም ማለት ነው። እኔ እንደማየው፣ ስለ መላመድ ሲነገር ትልቁ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ይህ የመለዋወጥ ችሎታ ሲሆን፣ ብዙ ጽሑፎች ግን ቅጠሉን አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አድርገው ያቀርቡታል።

ከውሃ ማጠራቀሚያው በታች ብርሃን የሚቀበሉት አረንጓዴ ሕዋሳት ቀጥ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ብርሃኑ ወደ እነርሱ የሚደርሰው ቀለም አልባዎቹን ሕዋሳት አልፎ ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ አየር የሚዘዋወርበት ልል ሕብረ ሕዋስ አለ፤ መጨረሻ ላይ የሚገኘው የታችኛው ገጽ ነው።

የታችኛው ገጽ ግራጫ ነጭ ሆኖ የሚታየው እጅግ ጥቅጥቅ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ስለተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ከጥቂት ሕዋሳት የተሠራ ሲሆን፣ ጫፉ ሰፋ ብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሚገጥም በስቶማታዎቹ ላይ ያልተቋረጠ ክዳን ይፈጥራል። በክዳኑና በቅጠሉ መካከል የሚቀረው አየር በነፋስ የማይጠረግና እርጥበት ያዘለ ስለሆነ፣ ስቶማታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ሲከፈት የሚያመልጠው ውሃ ያንሳል። በአሸዋ ክምሮች ላይ የሚበቅለው አሞፊላ የተባለ ሣር ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመው ቅጠሉን ወደ ውስጥ በመጠቅለል ስቶማታዎቹን በጥቅሉ ውስጥ ይደብቃቸዋል። ሁለቱ ዕፅዋት በዘር እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም በስቶማታ ዙሪያ የረጋ አየር የማቆየትን አንድ መፍትሔ በየመንገዳቸው ደርሰውበታል።

ጨው የሚያስወጡት ዕጢዎች

ሥሩ ያላገደው ጥቂት ጨው ከውሃው ጋር ወደ ቅጠሉ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ውሃው ተንኖ ጨው ብቻውን ስለሚቀር፣ መውጫ ካላገኘ ቅጠሉን በአጭር ጊዜ ይመርዘዋል። የአቪሴኒያ መልስ በሁለቱም የቅጠሉ ገጾች ላይ የተሰራጩት የጨው ዕጢዎች ናቸው። በላይኛው ገጽ ያሉት በትንንሽ ጎድጓዶች ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በታችኛው ገጽ ያሉት በፀጉሮቹ መካከል ይገኛሉ።

የአንዱ ዕጢ አሠራር በጣም የተጣራ ነው። ከሥር ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑ ሰብሳቢ ሕዋሳት ጨዋማውን ፈሳሽ ከቅጠሉ ውስጥ ይቀበላሉ። ከእነርሱ በላይ አንድ ብቸኛ የአንገት ሕዋስ አለ፤ ከአንገቱ በላይ ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ አመንጪ ሕዋሳት ተቀምጠዋል። የአንገቱ ሕዋስ የጎን ግድግዳዎች ውሃ በማያሳልፍ ሰማማ ንጥረ ነገር የተለበጡ ስለሆኑ፣ አንዴ ወደ ላይ የተገፋ ጨው በግድግዳው በኩል ሾልኮ ወደ ቅጠሉ ሊመለስ አይችልም። ጨው ከአነስተኛ ክምችት ወደ ከፍተኛ ክምችት የሚገፋ በመሆኑ ሥራው ኃይል ይጠይቃል፤ በአመንጪዎቹ ሕዋሳት ውስጥ ለሕዋሱ ኃይል የሚያቀርበው ማይቶኮንድሪያ የሚበዛውም ለዚህ ነው። በደረቅ ቀን የቅጠሉ ገጽ በነጭ የጨው ቅንጣቶች ተሸፍኖ በዓይን ይታያል።

ዕጢዎቹ ጨውን በሙሉ አያስወጡም። የተወሰነው ክፍል በሕዋሱ ውስጥ ቫኪዮል በተባለው ከረጢት ይታሰራል፤ ሕይወት የሚካሄድበት ሳይቶፕላዝም ደግሞ ከቫኪዮሉ ጋር የውሃ ሚዛኑን ለመጠበቅ ግላይሲን ቤታይን የተባለ፣ ኢንዛይሞችን የማይጎዳ ውህድ ያከማቻል። ቅጠሉ ውሃን ከሥር መሳብ የሚችለው በእነዚህ ክምችቶች አማካኝነት ሳይጠወልግ መቆየት ስለቻለ ነው። ስለዚህ ጨው ለዚህ ዛፍ ጠላት ብቻ አይደለም፤ በትክክለኛው ክፍል እስከተቀመጠ ድረስ ለውሃ መሳቢያነት ያገለግለዋል።

በገጹ ላይ የሚቀረው ጨው እንኳ ጥቅም አለው። የገበታ ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየር ላይ ውሃ ስቦ ይሟሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በደረቅ የአውስትራሊያ ጠረፍ ላይ እንዳሳየው፣ በሌሊት እርጥበት በቅጠሉ ላይ ያለው ጨው ሲሟሟ ቅጠሉ ከዚያ ውሃ ይወስዳል፤ በቅርንጫፉም ውስጥ የውሃው ፍሰት ከላይ ወደ ታች ይገለበጣል። አየሩ ገና ጤዛ ለመጣል ሳይበቃ ዛፉ በቅጠሉ በኩል ይጠጣል ማለት ነው። ስለ አቪሴኒያ ከተገኙት እውቀቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

ባሕሩ ሲሸሽ

እንግዲህ ወደ ካርፔንታሪያ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤል ኒኞ ክስተት እጅግ በረታ። በተለመደው ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱት ነፋሶች ውሃውን ወደ ምዕራቡ ክፍል ገፍተው ስለሚያከማቹ የምዕራቡ ባሕር ከፍ ብሎ ይቆያል። ኤል ኒኞ ሲመጣ ነፋሶቹ ይዳከማሉ፤ የተከማቸው ውሃም ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት የሰላጤው አማካይ የባሕር ከፍታ ወረደ። በዱክ ቡድን የ2017 ጥናት የተጠቀሰው ዝቅታ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በኋላ በወጣው ዝርዝር ትንተና ከዚያም የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። በተጨማሪም ዝናቡ ለረጅም ጊዜ አንሶ፣ ሙቀቱም ከልኩ አልፎ ነበር።

20 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሰላጤው ጠረፍ እጅግ ዘርጋ ያለ ሜዳ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ ከፍ በሚል መሬት ላይ ባሕሩ በ20 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የውሃው ጠርዝ 200 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ከደኑ በስተ የብስ ያለው ከፍተኛ ክፍል፣ ከጨው ሜዳው ጋር የሚዋሰነው፣ በደጉ ጊዜ እንኳ የሚረጥበው በትልልቆቹ ሙላቶች ብቻ ነው። ባሕሩ ሲወርድ እነዚያም ሙላቶች ሳይደርሱበት ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቁጥር መከተል ይቻላል። በጭቃው ውስጥ ያለው ውሃ ከፊሉ በፀሐይ ተነነ፤ ከፊሉን ሥሮቹ ራሳቸው ወሰዱ፤ ጨው ግን ባለበት ቀረ። ውሃው በግማሽ ሲቀንስ ጨዋማነቱ በእጥፍ ያድጋል፤ በኪሎ ግራም 35 ግራም የነበረው 70 ግራም ይሆናል። ሥሩ ማሸነፍ ያለበት ኃይልም ከ25 ወደ 50 አትሞስፌር ገደማ ይወጣል። ሾላንደር ከለካቸው ውጥረቶች ከፍተኛው 60 አትሞስፌር ያህል እንደነበር ስናስታውስ ለቅጠሉ የቀረው ብልጫ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ግልጽ ነው። ውጥረቱ ከዚህ በላይ ከጨመረ በዛይለም ውስጥ ያለው የውሃ ዓምድ ይበጠሳል፤ የአየር አረፋ ቱቦውን ይዘጋዋል፤ ከተዘጋው ቱቦ በላይ ያለው ቅጠልም ውሃ የሚያገኝበት መንገድ አይኖርም።

ቅጠሉ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ስቶማታውን ይዘጋል። ይህ ውሃ ይቆጥባል፤ ይሁን እንጂ ትነቱ የሚሰጠው ማቀዝቀዣ ስለሚቋረጥ ቅጠሉ በጠራራው ይግላል፣ ምግብ ማዘጋጀቱም ይቆማል። ጨው ለማስወጣት የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ከዚያው ምግብ ነው። በሃይፖደርሚስ የተጠራቀመው ውሃ የቀኑን ጠራራ ለማለፍ የሚበቃ እንጂ ለወራት የሚሆን ስንቅ አይደለም። ኪውቲክሉም ምንም ያህል ቢወፍር ውሃን ፈጽሞ አያግድም፤ ስቶማታው ተዘግቶ እንኳ ጥቂት ጥቂት ውሃ ማምለጡ አይቀርም። በመጨረሻ ዛፉ ቅጠሎቹን ይጥላል፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ ደግሞ ያን ታላቅ ስበት የሚፈጥርበት መሣሪያ የለውም።

ማስረጃው ምን ያህል ይናገራል

ድርቀቱ በከፍተኛው የደኑ ክፍል ላይ ማተኮሩ የውሃ እጦትን ማብራሪያ በጥብቅ ይደግፋል። በዚያው ወቅት በምዕራብ አውስትራሊያም የባሕር ከፍታ መውረድን ተከትሎ ማንግሮቭ ደርቋል። ከዚህ ሌላ የዱክ ቡድን የቆዩ የሳተላይት ምስሎችን ሲመረምር፣ በካርፔንታሪያ እ.ኤ.አ. በ1982ም ተመሳሳይ ሰፊ ድርቀት እንደነበረ ደርሶበታል፤ ያም ዓመት ሌላ ብርቱ ኤል ኒኞ የተነሣበት ነው። ሙቀቱና የዝናቡ እጥረት ጉዳቱን እንዳባባሱት አልጠራጠርም፤ ሁለቱን ድርቀቶች በቅርብ የሚያስተሳስረው ግን የባሕሩ መውረድ ነው።

ከአቪሴኒያ ጋር የሚኖረው ራይዞፎራ ስታይሎሳ የደረሰበት ጉዳት ያነሰ ነበር። ይህ ዝርያ የጨው ዕጢ የለውም፤ 99 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ጨው በሥሩ ያግዳል። ከዚህ በመነሣት የራይዞፎራ ቅጠል ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ራይዞፎራ በአመዛኙ የሚበቅለው ባሕሩ ቶሎ ቶሎ በሚያጥበው ዝቅተኛ ቦታና በወንዝ ጅረቶች ዳር ሲሆን፣ ለጨው ሜዳው የተጠጋውን አስቸጋሪ ከፍታ የሚይዘው አቪሴኒያ ነው። ጎልቶ የሞተው ሌሎቹ ሊኖሩበት በማይደፍሩት ቦታ ይኖር ስለነበር ነው። የሁለቱን ቅጠሎች ብርታት በእርግጥ ለማነጻጸር በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ጭቃ ላይ የቆሙ ዛፎችን ጎን ለጎን መለካት ያስፈልጋል።

የቅጠልን ብዛት በተመለከተ ቀደም ሲል የተገኘ አንድ ውጤትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ማዳበሪያ የተሰጣቸው ማንግሮቮች ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት እንደሞቱ ያሳየ ሲሆን፣ ሞቱ የባሰው ጭቃው በጣም ጨዋማ፣ አየሩም ደረቅ በሆነባቸው ቦታዎች ነበር። ማዳበሪያ ያገኘ ዛፍ ከሥሩ ይልቅ ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ያበዛል፤ ቅጠሉ በበዛ ቁጥር የሚተነው ውሃ ይጨምራል፤ ድርቅ ሲመጣ ሥሩ ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት ያቅተዋል። በደጉ ዘመን የጥንካሬ ምልክት የሚመስለው ለምለም አናት በክፉው ዘመን ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ከድርቀቱ በኋላ ደኑ በቀላሉ አላገገመም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ኦወን፣ በመጋቢት 2019 ደግሞ ትሬቨር የተባሉ አውሎ ነፋሶች ሰላጤውን መቱ፤ ማዕበሉ የሞቱትን ግንዶች እየጎተተ በአዲስ የበቀሉትን ችግኞች አደቀቃቸው። ተከላ የሚያስቡ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ዝርያውን በጨው ቻይነቱ ብቻ መምረጣቸው አይበቃም። የሚተከልበትን መሬት ከፍታና ባሕሩ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደርስበት አስቀድመው ማወቅ አለባቸው፤ ሙላት የሚቀርበት ከፍታ ላይ የቆመ ችግኝ የቅጠሉ ዕጢዎች ምንም ያህል ቢሠሩ በሥሩ ዙሪያ የሚከማቸውን ጨው ሊያጥቡለት አይችሉም።

የሙላቱ መጠን ደግሞ ራሱ በጨረቃ ምሕዋር መወዛወዝ ምክንያት በ18.6 ዓመት ዑደት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የካርፔንታሪያው ድርቀት የሰላጤው ሙላት በዚህ ዑደት ዝቅተኛውን ደረጃ ከያዘበት ጊዜ ጋር የገጠመ ሲሆን፣ ዝቅታው ከኤል ኒኞው ጋር ተደምሮ ከፍተኛውን የደን ክፍል ለረጅም ጊዜ ያለ ውሃ አስቀርቶታል። ዑደቱ ወደዚያው ደረጃ የሚመለሰው በ2034 ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ሌላ ብርቱ ኤል ኒኞ ከተነሣ፣ ከ2016 ወዲህ በዚያ ከፍታ ላይ ሥር የሰደዱት ወጣት ዛፎች የሚገጥማቸው የጨው ክምችት ወላጆቻቸውን ከገጠማቸው ጋር የሚስተካከል ይሆናል።